ከኡቡንቱ 24.04 በኋላ የሚዛን ፕሮግራማችን አልገነባ አለ፤ እባካችሁ እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ባለ መጋዘን የከባድ መኪና ሚዛን በሲሪያል ገመድ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ ንባቡ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ ሪፖርቱ በፓይተን የተጻፈ። የኮምፒውተሩ ሥርዓተ ክወና ኡቡንቱ ከ22.04 ወደ 24.04 ሲያድግ ጂሲሲ (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር) ከ11 ወደ 13፣ ፓይተን ከ3.10 ወደ 3.12 ዘለሉ።

የሲ ፕላስ ፕላሱ ጣጣ ተፈቷል። ኮምፓይለሩ «ዩኢንት32» የተባለውን የቁጥር ዓይነት አላውቅም ይል ነበር፤ ጂሲሲ 13 ላይ ሌሎች ሄደሮች (በኮዱ አናት የሚጠሩ ፋይሎች) ይህን ዓይነት የያዘውን ሄደር «ሲኤስቲዲኢንት»ን ሳይጠራ ይዘውት መምጣት ስላቆሙ፣ በየፋይሉ አናት ላይ መጨመር በቂ ሆነ።

ያስቸገረው ፓይተኑ ነው። ለ3.10 የተገነባው የሚዛን ሞጁል (ፓይተን የሚጭነው፣ የሲ ኮድ ያለበት ክፍል) 3.12 ላይ አይጫንም። አዲስ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ከሲስተሙ የተለየ የፓይተን ማህደር) ተከፍቶ እንደገና ሲገነባ «ዲስትዩቲልስ የለም» አለ (የድሮው የሞጁል መገንቢያ ነው፤ 3.12 ጨርሶ አውጥቶታል)፤ ተተኪው ሰትአፕቱልስ ሲጨመር አለፈ። አሁን የቆመው ነምፓይ (የፓይተን የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) ላይ ነው፦ በጥገኞች ዝርዝር 1.21.5 ተብሎ ተቆልፏል፤ ለ3.12 የተዘጋጀ ዊል (ቀድሞ የተገነባ ጥቅል) ስለሌለው ከምንጭ ኮዱ ልገንባ ብሎ ይወድቃል።

ቁጥሩን ወደ 1.26 ብናነሳና ከ2 በታች ብናስረው፣ የሞጁሉ የሲ ኮድ ሳይነካ ይገነባል? ወይስ 22.04ን በዶከር (ሌላ ሥርዓት ለብቻው ታጥሮ የሚሠራበት መሣሪያ) አስቀምጦ የሲሪያል ፖርቱን ማሳለፍ ይሻላል? ኢንተርኔቱ የሞባይል ዳታ ስለሆነ ትልቅ ማውረድ ይከብዳል። «በፒፕ (በፓይተን ጥቅል መጫኛው) ሲስተሙ ላይ በግድ ጫን» የሚለው ምክር ግን ይቅርብን፤ የኡቡንቱ የራሱ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚያው ፓይተን ነው።