ነጭ የደም ሕዋሷ የቀነሰ ታማሚ ትኩሳት ሲይዛት፦ ጉንፋን ነው ብሎ እስከ ጠዋት መጠበቅ ይቻላል?

ጥያቄ፣ ከአስታማሚ ልጅ፦

እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ለጡት ካንሰር ኬሞቴራፒ እየወሰደች ትገኛለች። መድኃኒቱን ከወሰደች ዛሬ 9ኛ ቀኗ ነው። ትናንት በተሠራላት የደም ምርመራ ነጭ የደም ሕዋሷ 1.4፣ ባክቴሪያን የሚዋጋው ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ የደም ሕዋስ ዓይነት ደግሞ 24 በመቶ መሆኑ ተጽፏል። ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ጉሮሮዋን ያማታል፣ አፍንጫዋም ይፈሳል። ከአንድ ሰዓት በፊት በአፍ ስለካት 38.1 ነበር፤ አሁን 38.2 ሆኗል። አብሮን የሚኖረው የልጅ ልጇ ሰሞኑን ጉንፋን ይዞት ስለነበር ከእሱ የተጋባባት ቫይረስ ይመስለኛል። ፓራሲታሞል ሰጥቻት እስከ ነገ ጠዋት ብጠብቅ ምን ይመስላችኋል? ቫይረስ ከሆነስ አንቲባዮቲክ ምን ይሠራላታል? እሷ ራሷ «ጉንፋን ነው፣ አታካብጂው» እያለች ከቤት መውጣት አልፈለገችም።

መልስ፣ ከካንሰር ሕክምና ነርስ፦

እህቴ፣ እስከ ጠዋት አይጠብቁ፤ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ፓራሲታሞሉን ገና ካልሰጧቸው ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ ይቆይ፤ ሕመሙን ሳያድን ትኩሳቱን ብቻ ስለሚያወርድ፣ ሐኪሙ ሲለካቸው ቁጥሩ 37.2 ሆኖ ሊያዘናጋ ይችላል። ሰጥተዋቸው ከሆነም ከመስጠትዎ በፊት የለኩትን ሙቀትና የሰጡበትን ሰዓት ጽፈው ይያዙ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ግን ጭራሽ አይስጧቸው፤ በኬሞቴራፒ ምክንያት ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌታቸውም ዝቅ ብሎ ሊሆን ስለሚችል ደም መፍሰስን ያባብሳሉ።

የቸኮልኩበትን ምክንያት ላስረዳ። በአፍ የተለካ ሙቀት አንድ ጊዜ 38.3 ከደረሰ፣ ወይም 38.0ና ከዚያ በላይ ሆኖ ለአንድ ሰዓት ከቆየ፣ የኒውትሮፊሉ ቁጥርም በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ከሆነ ወይም በሚቀጥሉት 48 ሰዓታት ከዚያ በታች እንደሚወርድ ከተጠበቀ፣ ሁኔታው እንደ ድንገተኛ ሕመም ይቆጠራል። እናትዎ ይህን መስፈርት አሟልተዋል። ኬሞቴራፒ ከተሰጠ በኋላ ቁጥሩ በአብዛኛው በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል ከሁሉም ዝቅተኛ ደረጃው ላይ ስለሚደርስ፣ የትናንቱ ውጤት ዛሬ የበለጠ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

ሲደርሱ ወረፋ ሳይጠብቁ በር ላይ ላገኙት የጤና ባለሙያ «ኬሞቴራፒ ላይ ያለች ታማሚ ናት፤ ትኩሳት አላት፤ ኒውትሮፊሏ ከ500 በታች ነው» ይበሉ። የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በደረሱ በ60 ደቂቃ ውስጥ እንዲሰጣቸው ይመከራል።

መልስ፣ ከላቦራቶሪ ባለሙያ፦

በወረቀቱ ላይ 24 በመቶ ተብሎ የተጻፈው ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ወሳኙ በቁጥር ስንት ኒውትሮፊል አለ የሚለው ነው። 1.4 የሚለው በአንድ ማይክሮሊትር ደም 1,400 ነጭ የደም ሕዋስ አለ ማለት ነው፤ የዚህ 24 በመቶው 336 ይሆናል። «ባንድ» የሚባሉ ገና ያልበሰሉ ኒውትሮፊሎች ለብቻ ተቆጥረው ከተጻፉ መቶኛቸው አብሮ ይደመራል። ከመቶኛው ይልቅ ይህን 336 የሚለውን ቁጥር ለሐኪሙ ይንገሩ።

አንባቢ እንዳይደነግጥ አንድ ነገር ልጨምር፤ ኬሞቴራፒ ሳይወስዱና ሳይታመሙ የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ሁልጊዜ 1,200 አካባቢ የሚሆን ሰዎች አሉ። ዳፊ ከሚባለው የደም ዓይነት ጋር በተያያዘ በዘር የሚመጣ ሲሆን በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ተወላጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ለኢንፌክሽንም አያጋልጥም። የእናትዎ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

መልስ፣ በዚሁ መንገድ ካለፈ አስታማሚ፦

እናትዎ እምቢ ካሉ ክርክሩን ይተዉትና ስልክ ደውለው የሚከታተላቸውን ሐኪም ወይም ተረኛ ነርስ ያገናኟቸው፤ ባለቤቴን ያሳመናት የእኔ ልመና ሳይሆን የነርሷ ድምፅ ነበር። የመድኃኒቶቻቸውን ዝርዝር፣ ኬሞቴራፒውን የወሰዱበትን ቀን፣ የደም ምርመራውን ወረቀት፣ የማይስማማቸው መድኃኒት ካለም ስሙን ይያዙ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉላቸው፤ ከሚያስል ሰው አጠገብም እንዳይቀመጡ ይጠንቀቁ። እኛ በሄድንበት ድንገተኛ ክፍል መዝጋቢው «ትኩሳት ብቻ ከሆነ ተራችሁን ጠብቁ» ብሎን ነበር፤ የኬሞቴራፒ ካርዱን አውጥቼ ሳሳየው ግን ወዲያው አስገባን። ስለዚህ ካርዱ ከቦርሳ ሥር ሳይሆን በእጅዎ ይሁን።

በመንገድ ላይ ሙቀት መለካት ካስፈለገ በአፍ ወይም በብብት ይለኩ፤ የብብቱ ከአፉ ትንሽ ዝቅ እንደሚል አይርሱ። በፊንጢጣ መለካት ግን ክልክል ነው፤ የሳሳውን ሽፋን ቧጥጦ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። በዚያው በኩል የሚገባ ማስታገሻም እንዲሁ ነው።

መልስ፣ ከውስጥ ደዌ ሐኪም፦

ለቫይረስ አንቲባዮቲክ ምን ይሠራል ብለው መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ በእርግጥም ለቫይረሱ ምንም አይሠራም። እናትዎን የያዛቸው ቫይረስ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዛሬ ማታ ይህን በእርግጠኝነት የሚለይ ምርመራ የለም። የአፍንጫ ናሙና ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ ቢያሳይ እንኳ በደም ውስጥ ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፤ እንዲያውም ቫይረሱ የመተንፈሻ አካልን ሽፋን አቁስሎ ለባክቴሪያው መንገድ የሚጠርግበት ጊዜ አለ። ኬሞቴራፒው ደግሞ የአፍንና የአንጀትን ሽፋን ስለሚያሳሳው እዚያው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ደም ይገባሉ። ኒውትሮፊል በሌለበት እነዚህ ባክቴሪያዎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የደም ግፊትን አውርደው ሕይወት ሊያሳልፉ ይችላሉ። በዚህ ላይ መግል የሚሠራው ኒውትሮፊል ስለሆነ፣ ጉሮሮው መግል ሳይቋጥር፣ ቁስሉ ሳያብጥ፣ የደረት ራጁም ንጹሕ ሆኖ ከባድ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ምልክት ትኩሳቱ ብቻ ነው። ለማቅለሽለሽ ዴክሳሜታዞን የሚወስዱ ታማሚዎች ትኩሳቱ እንኳ ላይታይባቸው ስለሚችል፣ ግራ መጋባት፣ የትንፋሽ መፍጠን፣ የሽንት ማነስ ወይም ከ36 በታች የወረደ ሙቀት ካለ እንደ ትኩሳት ይቆጠር።

ሆስፒታል ሲደርሱ ለካልቸር፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ አብቅሎ ለሚያሳየው ምርመራ፣ ከሁለት ቦታ ደም ይወሰዳል፤ በደረት ወይም በክንድ የገባ ቋሚ የደም ሥር ቱቦ ካላቸው አንዱ ናሙና ከእሱ ይሆናል። ከዚያም ሱዶሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ ጭምር የሚሸፍን እንደ ሴፌፒም ወይም ፒፐራሲሊን ታዞባክታም ያለ መድኃኒት በደም ሥር ይጀመራል፤ የካልቸሩ ውጤት አይጠበቅም። ደም ግፊታቸው ደኅና የሆነ፣ ሌላ ከባድ ሕመም የሌለባቸውና ቁጥራቸው ቶሎ ያንሰራራል ተብሎ የሚጠበቅ አንዳንድ ታማሚዎች የሚዋጥ መድኃኒት ይዘው ወደ ቤት ሊመለሱ ይችላሉ፤ ይህን የሚወስነው ግን መርምሮ ያያቸው ሐኪም ነው።

ከዚሁ ጎን ለጎን ቫይረሱም በራሱ መድኃኒት ይታከማል። ኢንፍሉዌንዛ ከተጠረጠረ ኦሴልታሚቪር በቀን ሁለት ጊዜ 75 ሚሊግራም ለአምስት ቀን ይሰጣል፤ ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል። የበለጠ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው፤ እንዲህ ላሉ ታማሚዎች ግን ጊዜው ቢያልፍም ከመስጠት አንቆጠብም። የከንፈር ወይም የአፍ ውስጥ ሄርፒስና አልማዝ ባለጭራ በአሲክሎቪር ይታከማሉ፤ ስለዚህ በአንድ ጎን ብቻ የወጣ የሚያቃጥል ችፍታ ካለ ያሳዩ። ለኮቪድ የሚሰጠው ኒርማትሬልቪርና ሪቶናቪር ከብዙ የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ ያለ ካንሰር ሐኪሙ ፈቃድ አይወሰድ። ለሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የሚሰጠው ጋንሲክሎቪር ደግሞ ራሱ ነጭ የደም ሕዋስን ያወርዳል፤ በዚህ ምክንያት ሐኪሞች በቅድሚያ ቁጥሩን አይተው ነው የሚያዙት።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከአስታማሚ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ተኝታለች፤ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተጀመረላት፣ የአፍንጫ ናሙናውም ኢንፍሉዌንዛ ኤ አሳየ፤ ኦሴልታሚቪርም ታዘዘላት። ይኸው ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ትኩሳቱ ማታ ማታ አሁንም 38.4 ይደርሳል፤ ግፊቷና ትንፋሿ ግን ደኅና ነው ተብያለሁ። ቫይረሱ ከተገኘ አንቲባዮቲኩ ለምን አልቆመም? መድኃኒቱ አልሠራም ማለትስ ነው? ልጁስ ወደ እሷ መቼ ይቅረብ?

መልስ፣ ከውስጥ ደዌ ሐኪም፦

ታማሚዋ እስከተረጋጉ ድረስ በሁለተኛው ቀን ትኩሳት መኖሩ ብቻውን አንቲባዮቲክ አያስቀይርም፤ ለመውረድ ብዙ ቀን የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ካልቸሩ ምንም ካላበቀለ፣ ትኩሳቱ ጠፍቶ ከቆየና ኒውትሮፊሉ ከ500 በላይ ወጥቶ ማንሰራራት ከጀመረ አንቲባዮቲኩ ብዙውን ጊዜ ይቆማል። በተቃራኒው አንቲባዮቲክ እየተሰጠ ትኩሳቱ ከ4 እስከ 7 ቀን ከዘለቀ ሐኪሞቹ ፈንገስ መፈለግ ይጀምራሉ። ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ ፊልግራስቲም የሚባለውን፣ መቅኔ ኒውትሮፊል እንዲያመርት የሚቀሰቅሰውን መርፌ ይጠይቁ፤ የሚጀመረው ኬሞቴራፒው ካለቀ ቢያንስ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አጥንት ያሳምማል፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ከመውሰዳቸው በፊት ግን ሁልጊዜ ሙቀታቸው ይለካ።

መልስ፣ ከካንሰር ሕክምና ነርስ፦

ልጁ ትኩሳቱና ሳሉ እስኪለቀው ሌላ ክፍል ይተኛ፤ ትንንሽ ልጆች ቫይረሱን ከአዋቂ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚያሠራጩ ከዚያ በኋላም ጥቂት ቀን ይጨመርበት። የቤቱ ሰው ሁሉ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይውሰድ፤ በአፍንጫ ከሚረጨው ይልቅ በመርፌ የሚሰጠው ይሻላል። ልጁ ወይም የቅርብ ሰው ጉድፍ ከያዘው ችፍታ እናትዎ ላይ እስኪወጣ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይደውሉ፤ ተጋልጠው ገና ላልታመሙ የሚሰጠው ኢሚዩኖግሎቡሊን (የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) የሚጠቅመው እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ በቶሎ በተሰጠ ቁጥርም ይሻላል። ኦሴልታሚቪሩ ካቅለሸለሻቸው ምግብ ላይ ይዋጡት፤ መጠኑን በራስዎ እንዳይቀንሱት።