ጥቆማ፦ የቴክኖሎጂ ዜና ጠዋት ጠዋት የሚያበጥርላችሁ ረዳት የትኛው ነው?

ሥራዬ የአንድ መካከለኛ ድርጅት ኮምፒውተሮችንና ኔትወርክ መጠበቅ ነው። ቢሮ ከመግባቴ በፊት ማወቅ ያለብኝ ነገር ጥቂት ነው፦ አዲስ የደኅንነት ክፍተት ተገኝቷል ወይ? ለምንጠቀምበት ፕሮግራም ማሻሻያ ወጥቷል ወይ? የኢንተርኔት ታሪፍ ተለውጧል ወይ? ለዚህች ጥቂት ነገር ስል አንድ ሰዓት ሙሉ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ፣ መቼም ስለማልገዛው ስልክ ካሜራ ሳነብ እገኝ ነበር። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ረዳት መሞከር የጀመርኩት ከዚህ ለመገላገል ነው። ስለጠየቃችሁኝ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

በዶላር መክፈል ለሚችል ሰው መንገዱ ቀላል ነው። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ፣ የጉግሉ ጀሚናይ ደግሞ ከዚያው ዓመት ጁን ጀምሮ ለከፋይ ደንበኞቻቸው በቀጠሮ የሚሠራ ትእዛዝ አምጥተዋል። «በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይህን ፈልገህ አምጣ» ትሉታላችሁ፤ ያመጣል። ሁለቱም በወር 20 ዶላር ገደማ ናቸው። ኢሜይላችሁና የቀን መቁጠሪያችሁ ጉግል ላይ ከሆነ ጀሚናይን ውሰዱ፤ ካልሆነ ቻትጂፒቲን። ሳይጠየቅ ሌሊቱን ራሱ አጥንቶ ጠዋት በካርድ መልክ የሚያቀርበው የቻትጂፒቲ «ፐልስ» በሴፕቴምበር 2025 ሲጀመር በወር 200 ዶላር ለሚከፍሉ ብቻ ነበር። በዚህ ገንዘብ ዜና የሚያነብልኝ ሰው እቀጥር ነበር። ፐርፕሌክሲቲ የተባለው ረዳት ደግሞ በየዓረፍተ ነገሩ ጎን የምንጩን ቁጥር ስለሚያስቀምጥ፣ «ይህ ነገር እውነት ነው?» ብሎ ለማጣራት የምመርጠው እሱን ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልብ በሉ። እኔ የመጀመሪያውን ትእዛዝ በአማርኛ «ጠዋት 1 ሰዓት ላይ» ብዬ ሰጠሁ። ስልኩ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጮኸ። በማግስቱም ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ስልኩን ሳሎን አሳደረችው። «በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 7 ሰዓት፣ የአዲስ አበባ ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። ለዓመተ ምህረትም እንደዚያው።

ዋናው ነገር ግን የትኛውን መረጣችሁ አይደለም፤ ምን አቀበላችሁት ነው። ሰፌድ እህል አያበቅልም። «የዛሬን የቴክኖሎጂ ዜና አምጣ» ብቻ ያላችሁት ረዳት ከየትም ለቃቅሞ ያመጣል፤ ገለባው ከፍሬው እኩል ተሽሞንሙኖ ይቀርባል። እኔ ከሞከርኳቸው አንዱ ከዓመታት በፊት የተደፈነ የደኅንነት ክፍተት «ዛሬ የተገኘ» ብሎ አምጥቶልኝ፣ ግማሽ ቀን ሰርቨር ለሰርቨር ስዞር ውያለሁ። ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ አይደለም። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረትና ቢቢሲ በኦክቶበር 2025 ባወጡት ጥናት፣ ከ18 አገሮች የመጡ 22 የመገናኛ ብዙኃን ተቋማት የአራት ታዋቂ ረዳቶችን ከ3,000 የማያንሱ ምላሾች መርምረው፣ 45 በመቶው ላይ ቢያንስ አንድ ጉልህ ችግር አግኝተዋል። በብዛት የታየው ችግር የምንጭ ነው።

ስለዚህ አሁን የምሠራበትን መንገድ እጠቁማችኋለሁ፤ ምንም አያስከፍልም። የየድረ ገጹን አዳዲስ ርዕሶች አንድ ቦታ የሚሰበስቡት ፊድሊ ወይም ኢኖሪደር ላይ ነፃ አካውንት ክፈቱና የምታምኗቸውን ድረ ገጾች በአርኤስኤስ (ድረ ገጹ አዲስ ያወጣውን በሚያስተላልፍበት መስመር) መዝግቡ። የእኔ አሥራ ሁለት ናቸው፤ የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች አምራቾች የደኅንነት ማስታወቂያ ገጾች ይበዛሉ። ጠዋት የሌሊቱን ርዕሶች ከነአድራሻቸው በሙሉ ገልብጬ ለአንድ ነፃ ረዳት እሰጣለሁ። ትእዛዙ ይኸውላችሁ፦

«ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ብቻ ምረጥ። ከራስህ ምንም አትጨምር። ዊንዶውስ ሰርቨርና ሚክሮቲክ ራውተር ለሚያስተዳድር ሰው የሚጠቅሙትን፣ ከአምስት ሳይበልጡ፣ ከነአድራሻቸው አቅርብ። የሚጠቅም ከሌለ ‹የለም› በል።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወርቅ ናት። እሷን ሳልጨምር በፊት ረዳቱ ምንም በሌለበት ቀን እንኳ አምስቱን ለመሙላት ሲል ጆሮ ማዳመጫ ሁሉ ያመጣልኝ ነበር። አሁን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን «የለም» ይለኛል፤ ቡናዬን ተረጋግቼ እጠጣለሁ። ጠቅላላ ሥራው አምስት ደቂቃ አይሞላም።

የምንጮቻችሁን ዝርዝር ደግሞ ኦፒኤምኤል በሚባለው ፋይል አውጥታችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ። እንደ ፊድሊ ያለው የጉግል ሪደር በጁላይ 2013 ተዘግቷል፤ የኢንስታግራም መሥራቾች በ2023 የጀመሩት «አርቲፋክት» የተባለው የዜና መተግበሪያም ዓመት ያህል ቆይቶ ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ። አገልግሎት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ፋይሉ እጃችሁ ላይ ከሆነ በሁለት ደቂቃ ወደ ሌላው ትዛወራላችሁ።

በአማርኛ ማንበብ ለምትፈልጉ፣ ማበጠሩን በእንግሊዝኛው አስጨርሳችሁ የተመረጡትን ብቻ አስተርጉሙ። ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ የነፃውን አገልግሎት ገደብ ቶሎ ሊጨርስ ይችላል፤ በተለመደው የኮምፒውተር አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት (የመረጃ መለኪያ) ሲይዝ የእንግሊዝኛው አንድ ብቻ ነውና። የሙያ ቃላቱንም አስቀድማችሁ ንገሩት። ለባልደረቦቼ ባስተረጎምኩት ማስታወሻ ላይ «ፓች» (የፕሮግራም ክፍተት መድፈኛ) የሚለው ቃል «እራፊ» ተብሎ ወጥቶ፣ «ዛሬ አገልጋዩ ላይ እራፊ ይለጠፋል» የሚል ነገር ለመላው ቢሮ ልኬያለሁ። እስከ ዛሬ ይቀልዱብኛል።

ለአገር ውስጥ ዜና ግን ረዳት አልጠቁማችሁም። የኢትዮጵያን የስታርታፕና የዲጂታል ክፍያ ጉዳይ ለመከታተል ሸጋ የተባለውን ድረ ገጽ በቀጥታ አንብቡ፤ ለታሪፍና ለመመሪያ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮምን፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያንና የብሔራዊ ባንክን የራሳቸውን ገጾች ተከተሉ። ችግሩ የታወቀ ነው፦ የእኛ አገር ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በስልክ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፍ ፎቶ ነው፤ ፍለጋ ደግሞ ፎቶ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ እንደ ልብ አያገኝም። ፎቶውን ራሴ አውርጄ ስሰጠው አንዳንዱ ረዳት ደህና አድርጎ ያነባል፤ ማኅተሙ ፊደሉ ላይ ካረፈ ግን ቁጥሩን ከዋናው ጋር አስተያዩ። ከቴሌግራም ቻናል ፎቶውን ራሱ አውርዶ አማርኛውን የሚያነብ፣ የማያስከፍልም፣ ያገኘ ካለ በዚህ በኩል ጠቋሚ ሳልሆን ጠያቂ ነኝ።