ጥቆማ፦ ድሬ ላይ ሆነን የምንጫወተው ሰው ያልሸሸው ኦንላይን ጌም (ቦታም ጠቁሙን)

የሳቢያኑ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ሶስት ጓደኛሞች ነን፣ የኳስ ጌም ሰልችቶናል፣ አብረን ቀስ እያልን ካራክተር የምናሳድግበት ኦንላይን ሮል ፕሌይንግ ጌም ልንጀምር ፈልገን ነው። አንዳችን ላፕቶፕ አለው፣ እኔና ሌላኛው ግን ስልክ ብቻ ነው ያለን፣ ኮምፒውተር የግድ ከሆነ ጌም ቤት ቁጭ እንላለን። ባለፈው አንድ ጀምረን ነበር ከተማው ኦና ነው፣ ደንጀን (በቡድን የሚገባበት የውጊያ ቦታ) ለመግባት ወረፋ ይዘን ማንም ሳይመጣ መብራት ሄደ። ስለዚህ አንደኛ ሰው ያልሸሸው ጌም የቱ ነው፣ ሁለተኛ ክላሱ (የካራክተሩ አይነት) ለሶስት ሰው የሚመች ይሁን፣ ሂለር ማለትም አካሚ መሆን የሚፈልግ ከመሀከላችን የለም፣ ሶስተኛ ድሬ ላይ ደህና ኮምፒውተር ያለው ቤት የት አለ። የምንጫወተው ከሰዓት ነው ከ8 እስከ 11፣ ፀሀይዋ እስክትበርድ። ቀድሜ አመሰግናለሁ

አቦ ከዚራ፦
አቦ ይሄ ደሞ ጥያቄ ነው? ዋርክራፍት ነዋ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጀምር፣ ሌላው ሁሉ ኮፒ ነው።

የመጋላው፦
ባቡር ጣቢያው አካባቢ ያለው ፕሌስቴሽን ቤት ሂዱ። ቬንትሌተሩ ይሰራል ጆይስቲኩም አዲስ ነው።

የሳቢያኑ ልጅ፦
ወንድሜ ኮምፒውተር ነው ያልኩት

የመጋላው፦
ቬንትሌተሩ ይሰራል ነው ያልኩት እኔ

ታንክ ነኝ፦
ዋርክራፍት ጥሩ ጌም ነው ግን ለነሱ አይሆንም፣ ስልክ ላይ የለም፣ ኮምፒውተር ላይም ከ100 ጊጋ በላይ ቦታ ይበላል፣ በየትኛው ፓኬጅ ሊያወርዱት ነው። የሰው ቁጥር ከጠየቅክ ደግሞ በ2010 (በፈረንጅ) 12 ሚሊዮን ከፋይ ነበረው፣ በ2015 5.5 ሚሊዮን ሲደርስ ሰሪው ብሊዛርድ ቁጥሩን መናገር እርግፍ አድርጎ ተወው። ሞተ እያልኩ አይደለም ዛሬም ብዙ ሰው አለው። ግን ከቁጥሩ ይልቅ ማየት ያለባችሁ ሰው ሲቀንስ መጀመሪያ ምን እንደሚጎድል ነው። ለአምስት ሰው ደንጀን አንድ ታንክ (ፊት ቆሞ ምቱን የሚቀበል) አንድ ሂለር ሶስት ዳሜጅ (ጠላትን የሚመታ) ነው የሚያስፈልገው፣ እና ሁሉም ሰው ዳሜጅ መሆን ነው የሚፈልገው፣ እናንተ ራሳችሁ ገና ሳትጀምሩ ሂለር አንሆንም ብላችኋል። ሰው በሚሊዮን ሲኖር ከመሀል ታንክ የሚሆን አይጠፋም፣ ሰው ሲሳሳ ግን ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው ምክንያቱም መንገዱን ማወቅ ያለበትም የሚሰደበውም እሱ ነው። የቀረው ተሳፋሪ ሞልቶ ሹፌር እንደሌለው ባጃጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ብሊዛርድ በ2011 ወረፋው ላይ የጎደለውን ሚና ለሚሞላ ሰው ተጨማሪ ሽልማት መስጠት ጀመረ፣ ጉቦ በሉት። በ2024 ደግሞ ጭራሽ ኮምፒውተሩ የሚነዳቸውን ጓዶች ይዘህ አንዳንድ ደንጀን መግባት ቻልክ። እና ምክሬ፣ ከሶስታችሁ አንዱ ታንክ ይሁን፣ የትም ጌም ብትሄዱ ወረፋ አታዩም።

አቦ ከዚራ፦
ይሄ ሁሉ ፅሁፍ ዋርክራፍት አንደኛ ነው ለማለት ነው?

ታንክ ነኝ፦
አላልኩም

አቦ ከዚራ፦
ብለሃል

ሂለሯ፦
ሂለር የሚሆን የለም ስትል አሳዘንከኝ ወንድሜ ሃሃሃ። እኔ ፋይናል ፋንታሲ 14 ነው የምጫወተው እና ያንን ችግር በደንብ የፈታው እሱ ይመስለኛል። አንድ ካራክተር ሁሉንም ሙያ ይማራል፣ መሳሪያህን ስትቀይር ክላስህ ተቀየረ ማለት ነው፣ ስለዚህ ታንክ የጠፋ ቀን ታንክ ትሆናለህ፣ ሂለር የጠፋ ቀን እኔ አለሁ። ዋርክራፍት ላይ ክላስህን ከጠላኸው ከዜሮ ሌላ ካራክተር ነው የምታሳድገው። ደሞ እስከ ሌቭል 70 በነፃ ነው ጊዜ ገደብም የለውም፣ የሚከለክሉህ ገበያ ላይ መሸጥና ራስህ ፓርቲ (የጨዋታ ቡድን) ማቋቋም ምናምን ነው። በ2010 ሲወጣ ወድቆ በ2013 እንደ አዲስ የተሰራ ጌም ስለሆነ የሰው መሸሽ ምን እንደሆነ ሰሪዎቹም ያውቁታል። ችግሩ ለሁለታችሁ ስልክ መፍትሄ አይሆንም፣ ኮምፒውተር ወይ ፕሌስቴሽን ወይ ኤክስቦክስ ነው።

የመጋላው፦
ፕሌስቴሽን። አላልኳችሁም?

ተቃጠልኩ፦
ስለ ክላስ ከማውራታችሁ በፊት ስለ ክፍያ አውሩ። የብር ካርዳችን ውጭ አይከፍልም እሺ? እኔ የወር ክፍያ የሚሞላልኝ ሰው በቴሌግራም አገኘሁ፣ ብሩን በሞባይል ላኩ፣ ተሞላልኝ፣ ተደሰትኩ። ከዛ አንድ ቀን ልገባ ስል አካውንቱ ተዘግቷል። ለምን ብዬ ስጠይቅ የተከፈለበት ካርድ ባለቤት አልከፈልኩም ብሎ ገንዘቡን አስመልሷል። የሰው ካርድ ነው የሞላልኝ! ለረጅም ጊዜ ያሳደግኩት ሻማን፣ የዋርክራፍት ካራክተሬ፣ ጠፋ። ሰውየው ብሎክ አድርጎኛል። ስሙን አልጠራም፣ ድሬ ያለ ሰው ነው ግን።

ቀፊራ፦
የቱ ነው? ሰማያዊ ፕሮፋይል ያለው ነው?

ተቃጠልኩ፦
አልጠራም አልኩ

የገንደ ቆሬው፦
እኔም እንደዛ ሆኛለሁ ግን ሌላ ጌም ላይ። ፖሊስ ጋ ልሂድ ብዬ ምን ልበል፣ ሻማኔን ገደሉብኝ ልበል?

አቦ ከዚራ፦
አንቺ ሻማን ነበርሽ እንዴ፣ ደግ አደረጉ። ዋርክራፍት ላይ ሆርድና አሊያንስ የሚባሉ ሁለት ወገኖች አሉ፣ ሻማን ድሮ ለሆርድ ብቻ ነበር ፓላዲን የሚባለው ክላስ ደሞ ለአሊያንስ፣ በ2007 ለሁለቱም ሲከፍቱት ነው ጌሙ የተበላሸው። በፊት የት ወገን እንደሆንክ ክላስህ ይናገር ነበር፣ አሁን 13 ክላስ አለ ሁሉም ሁሉንም ይሰራል።

ተቃጠልኩ፦
ሰው ተዘርፎ አንተ ስለ 2007 ታወራለህ?

ቀፊራ፦
እኔ የምገዛው ከአንድ ልጅ ብቻ ነው፣ ሳቢያን ነው ያለው፣ ወላሂ እንደሱ ታማኝ የለም። ለሁላችሁም እሱን እጠቁማለሁ።

ተቃጠልኩ፦
እኔም የገዛሁት ከሳቢያን ልጅ ነው

ቀፊራ፦
እሱ አይሆንም

ተቃጠልኩ፦
መነፅር ያደርጋል?

ቀፊራ፦
ያደርጋል ግን እሱ አይሆንም። እሱ ከሆነም ካርዱን የሰጠው ሰው ነው ያሳሳተው። እኔ እስካሁን ምንም አልሆንኩም።

ዝም ባይ፦
መኪና ገጭቶኝ አያውቅምና አስፋልት ላይ ልተኛ ነው የምትለው። በጣም አሳማኝ ነው፣ ቀጥል።

ቀፊራ፦
አንተን ማን ጠራህ። ሰው በላቡ የሚሰራበትን ስም እያጠፋችሁ ነው እዚህ።

ሂለሯ፦
ተረጋጉ። ለልጆቹ የሚጠቅመውን ልንገራቸው፣ ክፍያ ሳትከፍሉ አባልነት በጌሙ ገንዘብ የሚገዛባቸው ጌሞች አሉ። ዋርክራፍት ላይ ከ2015 ጀምሮ ቶክን የሚባል አለ በወርቅ ገዝተህ ጊዜ ትሞላለህ፣ ራንስኬፕ ላይ ቦንድ አለ፣ አልቢዮን ላይም ፕሪሚየሙን በውስጥ ገንዘብ መግዛት ይቻላል። ጊዜ ይፈጃል ግን የማንም ካርድ ውስጥ አትገቡም።

ጁገል፦
ከሐረር ነኝ ይቅርታ ድሬዎች። ልጁ የፃፈውን ሰዓት ማንም አላየውም መሰለኝ። ከቀኑ 8 እስከ 11 አለ። በዛ ሰዓት አውሮፓ ምሳ ሰዓት ነው ሰው ስራ ላይ ነው፣ አሜሪካ ገና እየነጋ ነው። ስለዚህ አውሮፓ ሰርቨር ላይ ገብተህ ሰው የለም ብትል ጌሙ ሞቶ ላይሆን ይችላል፣ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ብትገባ መተላለፊያ አታገኝም። በተቃራኒው ሲንጋፖርና ጃፓን ያንን ሰዓት ራት በልተው ጌም ላይ የሚቀመጡበት ነው። አልቢዮን ኦንላይን በ2023 የኤሺያ ሰርቨር ከፍቷል፣ የአውሮፓውን ደግሞ በ2024። ጥሩ ፒንግ (ሳይዘገይ የሚመልስ ኔት) ከፈለግክ አውሮፓ፣ ከሰዓት ሰው ከፈለግክ ኤሺያ፣ ካራክተሩ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው አይሄድምና መጀመሪያ አስቡበት። ስልክም ላይ ኮምፒውተርም ላይ አንድ አካውንት ነው፣ በነፃ ነው የሚጀመረው። ክላስ የለውም፣ የለበስከው ነው ክላስህ፣ ሂለር የሚሆን ከሌለ አንዱ የሂለር ዱላ ይያዝና ሲሰለቸው ለሌላው ይስጠው። ለሶስት ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ታንክ ነኝ፦
ሰዓቱ ላይ ልክ ነህ አላሰብኩትም። ክላስ የለውም የምትለው ላይ ግን አልስማማም። ነፃነት ነው ይሉሃል፣ ሁሉም ሰው ግን ከዩቲዩብ አንድ አይነት ልብስ ገልብጦ ነው የሚመጣው፣ የተለየ ከለበስክ ፓርቲ አይቀበልህም። ክላስ ያለው ጌም ላይ ቢያንስ ድሩይድ ሆነህ በጣም ጎበዝ ባትሆንም ድሩይድ ነህ ቦታ አለህ።

ጁገል፦
እሱስ ትክክል ነው። ግን ያ ችግር ትልልቅ ጦርነት ላይ ነው፣ ሶስት ሰው ሆኖ እንጨት እየቆረጠ አውሬ እየገደለ ለሚጫወት ማን ምን አገባው። ብቻ ጥቁሩ ዞን (ተጫዋች ተጫዋችን የሚገድልበት ቦታ) ከሞትክ የለበስከውን ያወልቁሃል፣ እሱን ቀድማችሁ እወቁ።

ሐረር ቡና፦
ሐረር ኑ እዚህ ብርድ ነው ላፕቶፕ አይግልም

የመጋላው፦
ብርድ ይላል እንዴ ደሞ ሐረርን

ጋሽ ሌቭል አንድ፦
እድሜዬ ትንሽ ገፋ ብሏል፣ አንድ ነገር ልበል ከፈቀዳችሁ። ሰው ለምን ይሸሻል ለሚለው ሁልጊዜ ስታር ዋርስ ጋላክሲስ የሚባለውን ጌም ነው የማነሳው። ከሰላሳ በላይ ሙያ ነበረው፣ ዳንሰኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሀኪም፣ ሙዚቀኛ፣ ሰው እየቀላቀለ የራሱን የሚሰራበት። በፈረንጅ ህዳር 2005 አንድ ጠዋት ኩባንያው ሁሉንም አንስቶ 9 ክላስ አደረገው፣ ቀላል ይሁን ተጨማሪ ሰው ይምጣ ብሎ ነው። በፊት ስንት ደክመህ የምታገኘው ጄዳይ (ባለ ብርሃን ሰይፉ ተዋጊ) ከመጀመሪያው ቀን የሚመረጥ ሆነ። አዲስ ሰው እንደታሰበው አልመጣም ነባሩ ግን ሄደ፣ በ2011 መጨረሻ ተዘጋ። ይሄን የምነግራችሁ ክላስ የሚለው ነገር የዳሜጅ ሂሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው፣ ሰውየው እዛ ከተማ ውስጥ ምን ሆኖ እንደሚኖር ነው። ልብስ ሰፊዋ ደንበኞች ነበሯት፣ ሙያዋን ስታነሱባት ሱቋም ሄደ ለምን ትቆያለች።

ሂለሯ፦
ጋሼ ይሄንን የሚያውቅ ሰው ድሬ ላይ አለ ብዬ አልገመትኩም፣ እግዜር ይስጥልን

ዝም ባይ፦
ጋሼ የተዘጋ ጌም ነው የጠቆሙት፣ ወረፋ የለውም፣ ለነሱ ሰዓት ተስማሚ ነው።

ጋሽ ሌቭል አንድ፦
ልጄ አንተም አንድ ቀን ሰርቨርህ ይዘጋል

ታንክ ነኝ፦
ሌላ ደሞ፣ ስቲም (የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት መደብር) ላይ በሚታይ ቁጥር አትሸወዱ። ሎስት አርክ በ2022 ስቲም ላይ በአንድ ጊዜ 1.3 ሚሊዮን ሰው አስገብቶ ነበር፣ ኒው ወርልድ በ2021 ከ900 ሺህ በላይ፣ ሁለቱም ከዛ በኋላ አሽቆለቆሉ፣ ሰርቨር ሰርቨር ላይ መደረብ ጀመሩ። ዋርክራፍት ደግሞ ስቲም ላይ ጭራሽ የለም። ሰው መብዛቱ ሳይሆን ያለው ሰው አንድ ላይ መሆኑ ነው፣ ጊልድ ዋርስ 2 ለምሳሌ በ2014 የሁሉንም ሰርቨር ሰው አንድ ካርታ ላይ ማሰባሰብ ጀመረ፣ ስለዚህ ሰው ቢቀንስም ካርታው ባዶ አይመስልም። ሁሉም ክላስ ራሱን ያክማል ሂለርም ግድ አይልም ለጀማሪ። ግን ኮምፒውተር ነው እሱም።

የገንደ ቆሬው፦
ኔቱስ? ሁላችሁም ስለ ጌም ታወራላችሁ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የኔት መስመር በደጃችን እያለፈ እኛ ስልክ ወደ ጣሪያ ይዘን እንቆማለን። ሳፋሪኮም ሲመጣ መጀመሪያ የከፈተው ድሬ ላይ ነው በ2022፣ ጎረቤቴ እሱን ነው የሚጠቀመው እኔ ሌላውን፣ ሁለታችንም ሌላኛው ይሻላል እንላለን።

ጁገል፦
ለኔት ከሆነ ኦልድ ስኩል ራንስኬፕን እዩት። በ2013 የተከፈተ ነው የ2007ቱን ስሪት ይዞ፣ ስልክ ላይ ከ2018 ጀምሮ አለ፣ ፋይሉ ትንሽ ነው። ጌሙ በየ0.6 ሰከንድ ነው ትዕዛዝ የሚቀበለው ስለዚህ ፒንግህ 200 ቢሆን ብዙም አታውቀውም። ክላስ የለውም ሙያ ነው የምታሳድገው፣ አሳ ማጥመድ ማዕድን ምናምን። ከሰዓት ሙቀት ላይ ጋደም ብሎ አሳ ለማጥመድ የተሰራ ነው።

አቦ ከዚራ፦
ምስሉ አስቀያሚ ነው

ጁገል፦
አዎ

የሳቢያኑ ልጅ፦
ኧረ በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ለልጆቹ እያነበብኩላቸው ነው። አንዱ ታንክ እሆናለሁ ብሏል ምን እንደሆነ ግን ገና አልገባውም። የኮምፒውተር ቤቱን ግን ማንም አልመለሰልኝም እኮ

ቀፊራ፦
ሳቢያን ያለው ልጅ ኮምፒውተርም ያከራያል

ተቃጠልኩ፦
አላህ ይይልህ

ወደ ታች ደቻቱ፦
ለጌም የሚሆን ላፕቶፕ አለኝ፣ ባትሪው ቻርጅ አይዝም እንጂ ሌላው ሰላም ነው፣ ፋኑን አሁን ነው ያፀዳሁት

የሳቢያኑ ልጅ፦
ዋጋው?

ወደ ታች ደቻቱ፦
በውስጥ