አንድ ፋይል፣ ሦስት ፎልደር፦ እናንተ የት ነው የምታስቀምጡት?

ጽሕፈት ቤቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፍርድ ቤት አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የመከላከያ መልስ እጽፋለሁ። 9 ዓመቴ ነው።

ትናንት አንድ አባት መጡና «ልጄ፣ ያቺን የጥምቀት ሰሞን የጻፍሽልኝን ወረቀት አውጪልኝ» አሉኝ። በስማቸው ፈለግኩ፣ የለም። ለካ ማመልከቻው በወንድማቸው ስም ነበር። 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። የተገኘው «የመሬት ክርክር» የሚል ፎልደር ውስጥ «የመጨረሻ 2 የታረመ» ተብሎ ነው። እሳቸው እስከዚያ ሁለት ሻይ ጠጡ።

ያ ወረቀት የመሬትም ነው፣ የወንድማቸውም ነው፣ የጥር ወርም ነው። ኮምፒውተሩ ግን አንዱን ምረጪ ይለኛል። ኮፒ አድርጌ ሁለት ቦታ ሳስቀምጥ አንዱን አርሜ ሌላውን እረሳለሁ። አንድ ጊዜማ ያልታረመውን አትሜ፣ ባለጉዳዩ ይዘውት ችሎት ገቡ። ኧረ ተዉኝ!

ደግሞ «ወ/ሮ» ብዬ ስሰይም እምቢ ይላል። «ገ/መድኅን»ም እንደዚያው። ምን አድርጌው ነው?

የምታግዘኝ ልጅ ፎልደር የሚባል ነገር አታውቅም። ሁሉንም ቴሌግራም ላይ ለራሷ ትልካለች። የሚያናድደው ከእኔ ቀድማ ማግኘቷ ነው።

ኮደሩ፦
እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ፎልደር በፎልደር ውስጥ የሚለው አሠራር መልቲክስ ለሚባል የኮምፒውተር ሲስተም የተነደፈው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። በ1981 ደግሞ ዜሮክስ ስታር የሚባል ኮምፒውተር የቢሮ ጠረጴዛና ዶሴ በሥዕል አድርጎ ስክሪን ላይ አወጣው። ዕቃው የወረቀት ሆነና ችግሩም የወረቀት ሆነ።

ለማስተካከል ያልሞከረ የለም። ማይክሮሶፍት በ2003 ዊንኤፍኤስ የሚባል ነገር አስተዋወቀ። ፋይልን ባለበት ቦታ ሳይሆን በባለቤቱ፣ በጉዳዩ፣ በጊዜው እንድትጠሪው ነበር ሐሳቡ። በ2006 ተወው። ጂሜይል ግን በ2004 ሲጀምር ፎልደርን ትቶ መለያ አመጣ፤ አንድ ደብዳቤ ሦስት መለያ ቢለጠፍበት ደብዳቤው ያው አንድ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ይሄንን ነው።

«ወ/ሮ» እምቢ ያለሽ እዝባሯ (/) የፎልደር መለያያ ስለሆነች ነው። ገ/መድኅን ስትዪው «ገ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ያለ «መድኅን» ይመስለዋል። ነጥብ አድርጊበት።

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ፦
ልጄ፣ 28 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ዶሴ የሚተኛው አንድ ቦታ ነው። ቁጥር ይሰጠዋል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ አለቀ። ከዚያ በባለጉዳዩ ስም አንድ ካርድ፣ በጉዳዩ ዓይነት ሌላ ካርድ ይጻፋል። ካርዱ ላይ ያለው የዶሴው ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ በከሳሽ ስም ይጠይቅሻል፣ አንዱ በተከሳሽ፣ አንዱ «ያ ክረምት የገባ ጊዜ» ይልሻል። ካርዱ እንጂ ዶሴው አይዞርም።

አንቺም አንድ ፎልደር ይብቃሽ። ፋይሉን 2018-0001 እያልሽ ቁጠሪው። ኤክሴል ላይ ቁጥሩን፣ የመጣውን ሰው፣ በማን ስም እንደተጻፈ፣ ጉዳዩንና ቀኑን ያዢ። «የጥምቀት ሰሞን» የምትልም አንድ ዓምድ ጨምሪ፤ አባትዬው የሚያስታውሱት በእሷ ነው። ኮምፒውተሩ ጃንዋሪ ቢል ለእሳቸው ምናቸው ነው?

ኮደሩ፦
ጋሼ ጨረሱት። በነገራችን ላይ መልቲክስም ያኔውኑ ሊንክ ነበረው፤ የእርስዎ ካርድ ማለት ነው።

ጽሕፈት ቤቷ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ 11 ፋይል መዘገብኩ። ወዲያው ግን አንድ ጉድ አገኘሁ። «ፀሐይ» ብዬ ስፈልግ የለም ይለኛል። ልጅቷ «ጸሀይ» ብላ ጽፋዋለች!

ኮደሩ፦
ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለማሽኑ ግን ፀ እና ጸ ሌላ ሌላ ፊደል ናቸው። መፈለጊያ የሚሆን አንድ ዓምድ ጨምሪ። እዚያ ውስጥ ድምፃቸው አንድ ከሆኑት ፊደሎች ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ብቻ። የሰውየው ትክክለኛ አጻጻፍ ማመልከቻው ላይ ይቆይ፣ እሱን አትንኪው። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ የቆዩ ፋይሎች ካሉሽ ደግሞ በአማርኛ ፈልገሽ አታገኚያቸውም። ለዓይን ፊደል ይመስላሉ እንጂ ውስጣቸው የላቲን ምልክት ነው።

ጽሕፈት ቤቷ፦
ሞልተዋል እንጂ! ልጅቷ ኤክሴሉን አየችና «ይሄ እኮ ሀሽታግ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ለካ ቴሌግራሟ ላይ #መሬት #ጥር እያለች ነው የምታስቀምጠው። ጋሼ፣ የ9 ዓመቱን ፋይል ግን ምን ላድርገው? ሁሉንም ልቁጠር?

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ፦
ተዪው። ባለቤቱ ሲመጣ ቁጥር ስጪው።