ከማዕድን ጉድጓድ የወጣው ጠቅላይ ሚኒስትር ዕድል ነው የረዳው?

ዘሀራ ከደሴ፦
ታናሽ ወንድሜ ደላንታ ኦፓል ይቆፍራል። ዋሻ ተደረመሰ የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። ሰሞኑን ስለ አንድሪው ፊሸር አነበብኩለት፤ በልጅነቱ ስኮትላንድ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የገባ፣ አውስትራሊያ ተሰድዶ ሦስት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው። ወንድሜ «ዕድሉ ነው፤ የእኛ ቃል ከገደሉ አፋፍ አያልፍም» ብሎ ዘጋኝ። እውነት ዕድል ብቻ ነው? በጉድጓዱና በምክር ቤቱ መካከል ምን ሠራ?

ጡረተኛ መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
ዘሀራ ልጄ፣ ዕድልማ ፊቱን አዙሮበት ነበር! በ17 ዓመቱ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር የአካባቢው ጸሐፊ ሆነ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ከተደረገው አድማ በኋላ ሥራውን አጣ፤ ቆይቶም ማንም አሠሪ እንዳይቀጥረው ስሙ ተያዘበት። በ1885 ወደ አውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ የተሳፈረው ይህን ተሸክሞ ነው። ጂምፒ በምትባል የወርቅ ከተማ እየሠራ የዚያን አካባቢ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር መራ፤ በ1893 ለኩዊንስላንድ ምክር ቤት ተመረጠ። በ1896 ተሸነፈ። ያን ጊዜ ነው እኔ ይበልጥ የማከብረው፤ ቤቱ አልተቀመጠም፣ ከጓደኞቹ ጋር ለሠራተኛው የሚቆም ጋዜጣ አቋቋመ። በ1899 ተመልሶ ገባ። በ1910 ሌበር የተባለው የሠራተኞች ፓርቲው በሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች አብላጫ ድምፅ ሲያገኝ መሪው እርሱ ነበር፤ በዓመቱ መንግሥታዊ ባንክ የሚያቋቁም ሕግ ወጣ፣ በ1912 ደግሞ ለወለደች እናት 5 ፓውንድ ተፈቀደ። ማታ ማታ ተምሮ ራሱን ያበቃ ሰው ነው።

አዋላጅ ነርስ፣ ደሴ፦
መምህር፣ የ5 ፓውንዱ ነገር ሳይሟላ አይለፍ። ላላገቡ እናቶችም መሰጠቱ ለዚያ ዘመን ትልቅ ድፍረት ነው፤ ነገር ግን የአገሩ ነባር ተወላጆችና የእስያ ሴቶች ተከልክለው ነበር። ምጥ ዘር አይለይም። ይህን ሳነብ አዝኛለሁ።

ጡረተኛ መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
ልክ ነሽ፣ እህቴ። ፓርቲው ራሱ ነጭ ያልሆነ ስደተኛ እንዳይገባ የሚያግድ መርሕ ያራምድ ነበር። ስደተኛው ፊሸርም ከዚህ አልወጣም።

ዘሀራ ከደሴ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ወንድሜ ማኅበራቸው ከሽያጩ ላይ ለዋሻው መደገፊያ እንጨት ገንዘብ እንዲይዝ በቃል ጠይቆ ሰሚ አጥቷል። ለሚቀጥለው ስብሰባ በጽሑፍ እንዲያቀርብ አብረን እያረቀቅን ነው። መምህር፣ ቢያዩልኝ?

ጡረተኛ መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
ላኪው፣ ዛሬውኑ አየዋለሁ። ዋሻው ምን ያህል እንደሚርቅና በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚገባ ይጻፍበት፤ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍርም ይጠይቅ።