ጉልበትና አውራ ጣት እያመመ ሞተር መንዳት፦ ከየት ልጀምር?

ረጅም መንገድ
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 63 ነው። የምነዳው 650 ሲሲ ሞተር ነዳጅ ሲሞላ 215 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሐኪሜ የሁለቱም ጉልበቶቼና የግራ አውራ ጣቴ ሥር ልም አጥንት እንደሳሳ ነግሮኛል፤ መንዳቱን ግን አልከለከለኝም። ችግሮቼ አራት ናቸው። ትራፊክ ሲበዛ ፍሪሲዮን መሳብ አውራ ጣቴን ያቃጥለኛል። ከ40 ደቂቃ በኋላ የጉልበቴ ፊት ለፊት ያመኛል። ቀኝ ዳሌዬ ስለደረቀ እግሬን ሴላው ላይ ማሳለፍ ይቸግረኛል። የተቦረቦረ መንገድ ደግሞ ወገቤን ይመታኛል። ሞተሩን ከመቀየሬ በፊት ምን ምን ማስተካከል ይቻላል? በምን ቅደም ተከተል? በቃ የሚባለውስ መቼ ነው?

ዳዶና ቡሎን
ከእጅዎ ይጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ሆኖ ሳለ የሚወቀሰው አውራ ጣት ነው። የፍሪሲዮን ገመድ ሲያረጅ ውስጡ ይደርቃል፣ ይዝጋል፣ ጫፉ አካባቢ ያሉት ክሮችም አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ማንሻው ቀስ በቀስ ስለሚከብድ ነጂው ለውጡን አያስተውለውም። ሞተሩን አጥፍተው ገመዱን በታችኛው ጫፍ ይፍቱትና ማንሻውን ባዶውን ይሳቡ። በአንድ ጣት ተንሸራቶ ካልመጣ የሚታገልዎት የፍሪሲዮኑ ሞላ ሳይሆን ገመዱ ነው። ከላይኛው ጫፍ ቀጭን ዘይት ያንጠባጥቡበት፤ ከታች ንጹሑ መውጣት እስኪጀምር አያቁሙ። አንዲት ክር እንኳ ከተበጠሰች ግን ዘይት አያድነውም፣ ይቀየር። ውስጡ በቴፍሎን የተለበጠ ገመድ ከሆነና አምራቹ ዘይት አይግባበት ካለ ደግሞ ዘይት አያስገቡ። ማንሻው የሚዞርበትን ቡሎን አውጥተው ይጥረጉ፣ ትንሽ ግሪስ ይቀቡት። ገመዱ ከመሪው እስከ ሞተሩ ሲሄድ የሚሰበርበት ጠባብ መታጠፊያ ካለም መንገዱን ይለውጡለት።

መልሰው ሲያስሩ የማንሻው ልቅነት ጫፉ ላይ ይለካል፤ በአብዛኞቹ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚታመነው ግን የእርስዎ ሞተር መመሪያ መጽሐፍ የሚለው ነው። ልቅነቱን ጨርሶ ካጠፉት ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ከበዛ ደግሞ በደንብ አይለቅም፤ ማርሹ ይከብዳል፣ ሲቆሙ ኒውትራል አልገባ ይላል፣ እጅዎም ያለ ጥቅም ደጋግሞ ይስባል።

ከዚያ የማንሻውን አቅጣጫ ያስተካክሉ። እንደሚነዱ ሆነው ይቀመጡ፣ ጣቶችዎን ዘርግተው ማንሻው ላይ ያሳርፉ። ክንድ፣ አንጓና ጣት አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለባቸው። ማንሻው ቀና ብሎ ከሆነ አንጓው ወደ ኋላ ይቀለበሳል፤ በተቀለበሰ አንጓ የሚሳብ እያንዳንዱ ስበት አውራ ጣት ሥር ያርፋል። ማንሻውን መሪው ላይ የሚያስረውን ማቀፊያ ላላ አድርገው በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ታች ያዙሩት፣ የፍሬኑንም እንዲሁ። በፍሬኑ በኩል የዘይት ማጠራቀሚያው ከልክ በላይ እንዳይጋደል ያስተውሉ።

ማንሻው ራሱ ለጣትዎ ከራቀ ርቀት ማስተካከያ ያለው ይግጠሙ። አጫጭሮቹን ማንሻዎች ግን ለታመመ እጅ አልመክርም። ከመዞሪያው ርቆ ጫፉ አካባቢ መሳብ ኃይል ይቆጥባል፤ አጭር ማንሻ ይህንኑ ነው የሚያሳጣው። በሁለት ጣት መሳብም ይተዉ፤ በአራቱም ጣት፣ ወደ ጫፉ ጠጋ ብለው ይሳቡ። መብራት ላይ ሲቆሙ ከኋላ ያለው መኪና እስኪቆም አንደኛ ማርሽ ላይ ይቆዩ፣ ከዚያ ኒውትራል አስገብተው እጅዎን ያሳርፉ።

ንዝረትም ጣት ያደነዝዛል። መፍትሔ ከመግዛትዎ በፊት ምንጩን ይፈልጉ፦ የካቴና ውጥረት፣ የጎማ ባላንስ፣ የላላ የሞተር ማሰሪያ ቡሎን። ከባድ የመሪ ጫፍ ክብደትና ወፈር ያለ ለስላሳ እጀታ የሚረዱት ከዚያ በኋላ ነው። እጀታው በጣም ከወፈረ ግን ጣት ማንሻው ጋ መድረስ ያቅተዋል። ማሞቂያ ያለው እጀታ ለደረቀ መገጣጠሚያ ትልቅ እረፍት ነው፤ ሽቦውን ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋ መስመር ያገናኙት፣ አለዚያ ተረስቶ ባትሪ ይጨርሳል። ነዳጅ መስጫው ላይ የሚታሰረው የመዳፍ ማሳረፊያ ለረጅም ቀጥታ መንገድ ጥሩ ነው። ከተማ ውስጥ ግን ያውልቁት፤ ፍሬን ለመያዝ እጅ ሲንቀሳቀስ ሳይታሰብ ነዳጅ ይሰጣል።

ቀጥ ያለ ጉልበት
ጉልበቱንና ዳሌውን እኔ ልቀጥል። የጉልበት ፊት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከመታጠፍ ብዛት ነው። ጉልበት በታጠፈ ቁጥር ሎሚው ከሥሩ ባለው አጥንት ላይ ይጫናል፤ ሞተር ላይ ደግሞ ሳይንቀሳቀስ እንደተጫነ ይቆያል። ተቀምጠው ሳለ ሰው ከጎን ፎቶ ያንሳዎት፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት መስመር ያስምሩበት። ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ካነሰ መከፈት አለበት።

የሚከፈትባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ሴላውን ማሳደግ ወይም መርገጫውን ዝቅ ማድረግ። ሴላ ማሳደግ ለጉልበት ጥሩ ነው፤ ሲቆሙ ግን እግር መሬት መድረስ አለበት፣ የእርስዎ ዳሌ ደግሞ ለማሳለፍም እየተቸገረ ነው። ስለዚህ መርገጫውን ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ ቅንፍ ይሻልዎታል። ተራ ላይ ሲያዘነብሉ መርገጫው ከበፊቱ ቀድሞ መሬት እንደሚነካ ይወቁት።

መርገጫው ከወረደ ማርሽ መለወጫውና የኋላ ፍሬን ፔዳሉ አብረው መውረድ አለባቸው። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ያኔ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ይዛወራል። የማርሽ ዘንጉ በሁለት ዳዶዎች ይታሰራል፤ በብዙ ሞተሮች አንደኛው ጥርሱ በተቃራኒ ስለሆነ እንቢ ሲል ከማስገደድ በሌላው አቅጣጫ ይሞክሩ። ፔዳሉን ሲያወርዱ ጥቂት ልቅነት ይተዉለት። ልቅነት ካጣ ፍሬኑ ሁልጊዜ በትንሹ እንደያዘ ይነዳል፣ ይግላል። የፍሬን መብራት ስዊቹንም እንደገና ያስተካክሉ፤ መብራቱ ፔዳሉ ገና ሲነካ መብራት፣ ሲለቀቅ መጥፋት አለበት።

አወጣጥ ላይ፣ በግራ መርገጫ ቆሞ እንደ ፈረስ መውጣት ለብዙዎች ይመከራል። ለእርስዎ አይሆንም፤ የታመመ ግራ ጉልበት ታጥፎ መላ ሰውነት ይሸከማል፣ የጎን ማቆሚያውም ሁሉንም ክብደት ይቀበላል። ይልቅ የጎን ማቆሚያው ወርዶ፣ አንደኛ ማርሽ ገብቶ፣ የፊት ፍሬን ተይዞ ወደ መሪው ጎንበስ ይበሉ። ቀኝ ጉልበትዎን አጥፈው መጀመሪያ ጉልበቱን በሴላው ላይ ያሳልፉ፣ እግሩ ተከትሎ ይመጣል። የኋላ ሳጥን ካለ ይነሳ፤ እግር የሚያሰናክለው እሱ ነው። ሞተሩን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ አጠገብ አቁሞ ከጠርዙ ላይ መውጣትም ይረዳል፤ የጎን ማቆሚያው ግን ጠርዙ ላይ ሳይሆን ታች መንገዱ ላይ ይረፍ፣ አለዚያ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ሲወርዱ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ከረጅም ጉዞ በኋላ እግር ስለሚደርቅ፣ ገና እንደተቀመጡ ሁለቱንም ጉልበት ጥቂት ጊዜ ዘርግተው አጥፈው ከዚያ ይነሱ።

ከ40 ደቂቃ በኋላ የሚያምዎት ከሆነ በ30ኛው ይቁሙ። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ የሚወሰድ እረፍት ያን ያህል አይመልስም። አምስት ደቂቃ መራመድ፣ ጉልበት መዘርጋት፣ ዳሌን ማዞር ይበቃል። ከሞተር ውጪ ደግሞ የፊት ጭን ጡንቻ ማጠንከር ለሳሳ ጉልበት ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ነገር ነው። በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ቀላል ይመስላል፤ ይሥሩት እንጂ አይዝለሉት።

ስለ መድኃኒት ቆም ብዬ ልናገር። ትራማዶልና ኮዴይን እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ያዘገያሉ፤ እነሱን ወስዶ መንዳት አይገባም። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ክኒን አያስተኙም፤ ግን ሆድ ይጎዳሉ፣ የደም ግፊት ያሳድጋሉ፣ በሙቀት ውኃ ሳይጠጡ ሲነዱ ደግሞ ኩላሊት ላይ ይከብዳሉ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ለእጅና ለጉልበት የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄል ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ ሐኪምዎን ስለ እሱ ይጠይቁት።

መገጣጠሚያ ካበጠና ከጋለ፣ የጠዋት መድረቁ ከአንድ ሰዓት ካለፈ፣ ጣቶች ሌሊት ከደነዘዙ፣ ወይም ጉልበት በድንገት ከከዳ ችግሩ የሞተሩ አቀማመጥ አይደለም። ወደ ሐኪም ይመለሱ።

ሞላ
ከላይ ባሉት እስማማለሁ። ቀጥሎ ሰዎች መሪ ከፍ አድርግ ይሉዎታልና ስለ እሱ አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ማሳደግ እጅንና ትከሻን ያሳርፋል። ከዚያ አልፈው ቀጥ ብለው ከተቀመጡ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ በቀጥታ በአከርካሪ ይወጣል። ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል ለወገብ ይሻላል፤ ክብደቱን ግን በሆድና በጀርባ ጡንቻ፣ ታንኩንም በጭን በማቀፍ ይሸከሙት እንጂ በእጅ አይደገፉ።

መሪ ካሳደጉ ሞተሩ በቆመበት እየሠራ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው ያዙሩት። ድምፁ ከፍ ካለ የነዳጅ ገመዱ አጥሯል ማለት ነው፤ በዚያ ሁኔታ መንገድ ላይ መውጣት አደገኛ ነው። የፍሬን ቱቦም መወጠር የለበትም። የማቀፊያ ቡሎኖቹን መመሪያው በሚለው የኒውተን ሜትር መጠን በቶርክ ቁልፍ (የጥብቀቱን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ያጥብቁ።

ለወገብ ትልቁ ነገር አሞርዛተሩ ነው። የኋላ ጎማው ከመሬት ሲነሳ ከጎማው አክሰል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ አንድ ምልክት ይለኩ። ከዚያ ሙሉ ልብስዎን ለብሰው ይቀመጡ፣ ሰው እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ከጎማው ጠቅላላ ጉዞ ሲሶ ገደማ ይሁን፤ ጉዞው 150 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ45 እስከ 50። ካነሰ ሞላው በጣም ተወጥሯል፣ የሚወጥረውን ዳዶ ያላሉ። ከበዛ አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ወርዶ ይመታል፤ ወገብ የሚሰብረው ምት ይኸኛው ነው። ከሁሉ በፊት ግን የጎማውን አየር ይለኩ፣ ከሚገባው በላይ የተነፋ ጎማ አሞርዛተር ማስተካከልን ከንቱ ያደርጋል።

እግር መሬት እንዲደርስ ብለው ሞተሩን ዝቅ ካደረጉ የጎን ማቆሚያውንም ያሳጥሩ። ካላጠረ ሞተሩ ሲቆም ቀጥ ይላል፣ ትንሽ ነፋስ ይጥለዋል።

ረጅም መንገድ
እግዜር ይስጥልኝ። ገመዱን ፈትቼ እንደተባለው አየዋለሁ፤ ከዚያ ማንሻው፣ ከዚያ መርገጫው፣ ከዚያ ሞላው። አንድ ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ተደርጎ አውራ ጣቴ ካልቻለ ምን ዓይነት ሞተር ነው የሚሻለው? በቃ የሚባለው መቼ እንደሆነም አልተመለሰልኝም።

ሰፊ ጎማ
አንዱን ብቻ ለውጠው ጥቂት ይንዱበት፣ ከዚያ ቀጣዩን ይለውጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከቀየሩ የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንዳባባሰ አያውቁም።

ፍሪሲዮን ፈጽሞ ካልተቻለ አማራጩ ብዙ ነው። አውቶማቲክ ስኩተር ፍሪሲዮን መሳብም ማርሽ መለወጥም የለበትም፤ ግን ትንንሽ ጎማው በተቦረቦረ መንገድ ለወገብዎ ጥሩ አይደለም። የሆንዳ ዲሲቲ (ፍሪሲዮኑን ራሱ የሚሠራ አውቶማቲክ ማርሽ) እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በትልልቅ ሞተሮች ላይ አለ፣ ማንሻ የለውም፤ ክብደት ግን ይጨምራል። የያማሃ ዋይ-ኤኤምቲም ማንሻና የእግር ማርሽ አስቀርቷል። የሆንዳ ኢ-ክላች ማንሻውን ትቶልዎት መሳቡን ራሱ ይሠራል፣ ማርሹን ግን በእግር ይለውጣሉ። ክብደትን አይናቁ፤ 160 ኪሎ የሚመዝን ቀላል ሞተር ባለ ፍሪሲዮን ቢሆንም እንኳ ለጉልበትና ለዳሌ 240 ኪሎ ከሚመዝን አውቶማቲክ ይቀላል። ባለ ሦስት ጎማዎቹን ሲመርጡ ሲቆም እንዳይጋደል የሚቆልፍ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ፒያጂዮ ኤምፒ3 ይቆልፋል፣ ያማሃ ናይከን ግን አይቆልፍም፣ እግር ማውረድ አይቀርም። የጎን ጋሪ ሚዛን ከመጠበቅ ያሳርፋል፤ መሪው ግን ለትከሻና ለእጅ ይከብዳል።

በቃ ለሚለው ዕድሜ መለኪያ አይሆንም። እኔ የማምንባቸው ሦስት ፈተናዎች ናቸው። ባዶ ሜዳ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄዱ የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን በሙሉ ኃይል ይዘው ይቁሙ፣ አምስት ጊዜ ይደጋግሙት፤ በአምስተኛው የሚቆሙበት ርቀት እንደ መጀመሪያው አጭር መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሞተሩን በእግርዎ መካከል ይዘው ቆመው ወደ እያንዳንዱ ጎን ጥቂት ያዘንብሉትና በአንድ እግር መልሱት፤ ከጎንዎ ግን የሚይዝ ሰው ይኑር። ሦስተኛ፣ አንገትዎን አዙረው ከትከሻዎ ጀርባ ያለውን መንገድ ያለ ሕመም ማየት መቻል። አንዱ ካቃተ በዚያ ሞተር አይነዳም፤ ቀለል ያለ ሞተር፣ ሕክምና ወይም ጡንቻ ማጠንከር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሊመልሳቸው ይችላል። የመጀመሪያው ካቃተ ግን እጅዎን ከመክሰስዎ በፊት የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ይዩ። በየሁለት ዓመቱ ካልተቀየረ ውኃ ይስባል፣ መሥመሩ ውስጥ አየር ካለም ማንሻው ስፖንጅ ይሆናል፤ ዘይቱን ቀይረው አየሩን አስወጥተው ፈተናውን እንደገና ይውሰዱ።