የእጩን ሲቪ ለደንበኛ ስናዘጋጅ እስከ የት ድረስ መንካት ይቻላል?

አዲስ_ጀማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ቅጥር ኤጀንሲ ውስጥ ለደንበኛ፣ ማለትም ሠራተኛ ለሚፈልገው ድርጅት፣ የሚላክ ሲቪ አዘጋጃለሁ። እጩው የላከውን በኤጀንሲው ቴምፕሌት ላይ መገልበጥ ብቻ ነው ወይስ ጽሑፉንም እናስተካክላለን? የእጩውን ስልክና ኢሜይል ከሲቪው ማጥፋቱስ እንዴት ነው በትክክል የሚሠራው? አንድ ሲቪ ለማየትስ ስንት ደቂቃ ይበቃል?

ቀይ_እስክሪብቶ
ከመጨረሻው ልጀምር። ሁለት ዙር አንብብ። በመጀመሪያው፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ የአሁኑን የሥራ መደብ፣ የቆየበትን ጊዜና ደንበኛው “ግድ ነው” ያላቸውን ሦስት አራት መስፈርቶች ብቻ እይ። ይህን ዙር ያለፈ ሲቪ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይገባዋል። እዚህ ላይ ቀኖቹን በወር ቁጠር። ከ12/2021 እስከ 1/2022 የሠራም፣ ከ1/2021 እስከ 12/2022 የሠራም “2021–2022” ብሎ ይጽፋል፤ አንዱ ሁለት ወር ነው፣ ሌላው ሁለት ዓመት። ክፍተት ካገኘህ ደውለህ ጠይቅ፤ ምክንያቱን ደንበኛው ሳይጠይቅህ በፊት እወቀው።

ቅርጹን እንደፈለግህ ቀይር። ይዘቱ ግን የእጩው ነው። “ተሳትፌያለሁ” ያለውን “መርቻለሁ” ካደረግህበት፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ስለማያውቀው ነገር ተጠይቆ ይደናገጣል፤ ውሸታም የሚባለውም እሱ ነው። “ኃላፊነት ነበረብኝ” ብቻ የሚል ደረቅ መስመር ካለ ስንት ሰው፣ ምን ያህል በጀት፣ በስንት ጊዜ ብለህ ጠይቀው፣ የመለሰልህን ጻፍ፣ የተስተካከለውን መልሰህ ልከህ በኢሜይል “ይሁን” ያስብለው። የፊደል ስህተት ማረም ችግር የለውም፤ ሥራው አርታኢ ወይም ተርጓሚ ከሆነ ግን አትንካው፣ ደንበኛው ማየት የሚፈልገው እሱኑ ነው።

ሁለተኛ_ገጽ
ስለ ስልክና ኢሜይሉ፦ የሚወጣው ደንበኛው እጩውን በኤጀንሲው በኩል ብቻ እንዲያገኘው ነው፤ የኤጀንሲው ክፍያም የተያያዘው ከዚያ ጋር ነው። ብዙ ሰው ከላይ ያለውን ያጠፋና የሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ያለውን ይረሳል። የሊንክድኢንና የፖርትፎሊዮ ሊንክ፣ የፋይሉ ስም፣ የፋይሉ መረጃ ውስጥ ያለው የጸሐፊ ስም፣ ዎርድ ላይ ያልጸደቁ እርማቶችና ኮሜንቶችም መታየት አለባቸው።

ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን መደረብ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። ጽሑፉ ከሥር አለ፤ መርጦ ኮፒ ያደረገ ሁሉ ቁጥሩን ያገኘዋል። መጀመሪያ ዎርዱ ላይ አጥፋ፣ ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ቀይር። ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታም ይውጡ፤ ለአድልዎ በር ከመክፈት በቀር ለምርጫው አይጠቅሙም። ኦሪጅናሉን ግን ሳትነካ አስቀምጥ።

በሁለት ዓምድ ከተሠራ ሲቪ ኮፒ ስታደርግ ተጠንቀቅ። መስመሮቹ ይደባለቁና የአንዱ መሥሪያ ቤት ቀን ሌላው ላይ ይለጠፋል። ኖትፓድ ላይ ለጥፈህ ቅደም ተከተሉን አረጋግጥ። የመጨረሻውንም እንዲሁ ፈትን፤ ደንበኛው ሲቪውን በሶፍትዌር የሚያስነብብ ከሆነ ሠንጠረዥና ቴክስት ቦክስ ውስጥ ያለው ሊዘለል ይችላል።

ቀይ_እስክሪብቶ
የረሳሁት፦ አንተ የምታውቀውን ከሲቪው ጋር አትቀላቅል፣ ከፊቱ ግማሽ ገጽ ጨምርለት። እያንዳንዱ መስፈርት በየትኛው ሥራ ላይ እንደተሟላ፣ ከመልቀቁ በፊት የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ የሚጠብቀው ደመወዝ፣ ለቃለ መጠይቅ የሚመቸው ቀን። “ታታሪና በቡድን መሥራት የሚችል” የሚለውን ማንም አያነበውም።

አዲስ_ጀማሪ
እጅግ አመሰግናለሁ። እጩው ሦስት ወር ብቻ የሠራበትን ቦታ ባወጣውስ?

ሁለተኛ_ገጽ
ከ15 ዓመት በፊት የነበሩትን ወደ አንድ መስመር ማሳጠር ይቻላል። የቅርቡን ማውጣት ግን ሌላ ክፍተት ይፈጥራል፣ የሥራ ልምድ ሲጣራም ይታወቃል። እጩው ራሱ ይውጣልኝ ካለም ምክንያቱን ሳትሰማ አትላክ። ስትደውልለት በዚያው ለዚህ ደንበኛ በስሙ እንድትልክ ፈቃዱን በጽሑፍ ውሰድ፣ ሌላ ኤጀንሲ ልኮት እንደሆነም ጠይቅ። አንድ ሲቪ ከሁለት ኤጀንሲ ሲደርሰው “ክፍያው ለማን ነው” ከሚል ጭቅጭቅ ለመሸሽ እጩውን ጨርሶ የሚተው ደንበኛ አለ።